ሌባው ታንከሩ ውስጥ ነበር

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ወጥ አይደለም፤ ስለ ሽንት ቤት ነው። ምግብ ቤት ያላት ሴት ስለ ሽንት ቤት ስትጽፍ ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡትና ገንዘብ ካላተረፈላችሁ ቡናው በኔ ይሁን።

እዚህ ሲያትል የውሃ፣ የፍሳሽና የቆሻሻ ሂሳብ ባንድ ቢል በየሁለት ወሩ ነው የሚመጣልን። በጥር ወር የመጣውን ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከወትሮው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ቤታችን ሰው አልተጨመረ፣ በዚያ ዝናብ አትክልት አላጠጣን። ታዲያ ይሄን ሁሉ ውሃ ማን ጨረሰው?

እኔ ተጠያቂውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። የ13 ዓመቷ ልጄ ሻወር ከገባች ቶሎ አትወጣም። ማታ ሬስቶራንቱን ዘግቼ እንደገባሁ ቢሉን ፊቷ ዘረጋሁና «ይኸው ያንቺ ሥራ! እኛ ውሃ በጀሪካን ተሸክመን ነው ያደግነው» አልኳት። «እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። አላመንኳትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሻወሩን በር እያንኳኳሁ «አምስት ደቂቃ ሞላሽ!» ስል ከረምኩ። እሷም ቀስ በቀስ ከኔ ጋር ማውራት ቀነሰች። ከትምህርት ቤት መጥታ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደህና» ብላ ክፍሏ ትገባለች።

አንድ እሁድ ኩሽና መጥታ የኬክ ቀለም ጠየቀችኝ። «ለምንሽ ነው?» ብላት «ለማስረጃ» አለች። ተከትያት ሄድኩ። የሽንት ቤቱን ታንከር ክዳን አንስታ ሰማያዊውን ቀለም አሥር ጠብታ ያህል ጨመረችበትና «እንዳትለቂው፣ 15 ደቂቃ እንጠብቃለን» አለችኝ። ስንመለስ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ማንም ሳይነካው ውሃው ከታንከሩ ሾልኮ ሲወርድ፣ ታንከሩም ባጎደለ ቁጥር ሲሞላ፣ ቀንም ሌሊትም ሲሠራ ነበር ማለት ነው። «ሌባው ይኸው» አለች ልጄ።

በኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙም አልተለመደም። እናቴ አንድም ቀን ይቅርታ ስትጠይቀኝ አላስታውስም። እኔ ግን የዚያን ቀን እዚያው ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ጠየቅኳት። ምንም አላለችም፤ ብቻ ስልኳን አውጥታ «እንዴት እንደሚጠገን አይቻለሁ፤ አብረን እንሥራው?» አለችኝ።

ነገሩ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው፣ በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ቧንቧ በዓመት ከ3,000 ጋሎን በላይ ታባክናለች። በኛ አቆጣጠር 560 ጀሪካን ይሻገራል። ከመቶው አሥሩ ቤት ደግሞ በቀን 90 ጋሎን ወይም ከዚያ በላይ ያፈሳል፤ ይህ በየቀኑ 17 ጀሪካን መድፋት ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ በርሜል የሞላ ሰው ይህንን ቁጥር ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ሲያትል ውስጥ ደግሞ የፍሳሹ ሂሳብ የሚታሰበው በውሃው ፍጆታ ስለሆነ ለፈሰሰው ውሃ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት።

አሁን ወደ ገበያው ላምጣችሁ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ነው። ስደውልለት ሞንታና ነበር፤ «ሰው ጥሪ» አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛ ጋ ደወልኩ። ሰውዬው ገና ቤቴን ሳያይ ለመምጫ ብቻ 150 ዶላር አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁና ከልጄ ጋር ትልቅ የዕቃ መደብር ሄድን።

አዲስ አበባ ቢሆን «ጎሚኒ አልቆብኛል» ስለው ባለሱቁ አሮጌውን አገላብጦ አይቶ ከመሳቢያ መዞ ይሰጠኝ ነበር። እዚህ ሱቁ እንደ ጃንሜዳ ሰፊ ነው፤ የሚጠየቅ ሠራተኛ ለማግኘት ብቻ 20 ደቂቃ ዞርን። ያቺ ታንከሩ ውስጥ ያለችው ክብ የጎማ ክዳን እዚህ «ፍላፐር» ነው ስሟ። መደርደሪያው ላይ ቀዩም ጥቁሩም፣ ትልቁም ትንሹም ተደርድሯል። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ጽሑፍ አይቼ አንዱን አነሳሁ። ቤት ወስደን ስንሞክረው አልከደነም። መልሰን ሌላ አመጣን፤ እሱም አልሆነም። ለካ ባለ 2 ኢንችና ባለ 3 ኢንች የሚባል ነገር አለ። ብዙዎቹ የቆዩ ሽንት ቤቶች ባለ 2፣ ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ባለ 3 ናቸው። በሦስተኛው ጉዞ ልጄ አሮጌውን በላስቲክ ጠቅልላ ያዘች፤ የታንከሩን ውስጥም ፎቶ አነሳች። ያኔ አምስት ደቂቃም አልፈጀብንም። ዋጋው 9 ዶላር።

ስለዚህ እናንተ ሦስቴ እንዳትመላለሱ አሠራሩ ይኸው፦

1. ከሽንት ቤቱ በታች፣ ግድግዳው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉ። አርጅቶ ከደረቀ በጉልበት አትታገሉት፤ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰው ጥሩ።

2. ልቀቁትና ታንከሩ ባዶ ይሁን። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከቧንቧ የመጣ ንጹህ ውሃ ነው፤ አትጸየፉ።

3. የጎማውን ክዳን ከሁለቱ ጆሮዎቹ ላይ አላቁት፤ ሰንሰለቱንም ከመልቀቂያው ክንድ ፍቱ። ይዛችሁት ወደ ሱቅ ሂዱ።

4. አዲሱን በዚያው ቦታ ግጠሙ። ሰንሰለቱ ግማሽ ኢንች ያህል ይላላ። ከጠበቀ ክዳኑን አንጠልጥሎ ያስፈስሳል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ክዳኑ ሥር ገብቶ ያስፈስሳል።

5. ውሃውን ክፈቱና የቀለሙን ሙከራ ድገሙ።

ታንከሩ መሀል ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ አለ። ውሃው በዚያ ቱቦ አናት እየገባ የሚፈስ ከሆነ ጥፋቱ የክዳኑ አይደለም። ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉት፤ ውሃው ከቱቦው አናት አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታንከር ውስጥ የሚጣለውን በረኪና ያለበት የማጽጃ እንክብል ተዉት። ጎማውን ቶሎ የሚበላው እሱ ነው።

ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዛሬ ማታ የቤታችሁ መርማሪ ሁኑ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን አስፈቅዳችሁ በየታንከሩ ቀለም ጨምሩ፤ ቀለም ከሌለ የቀዘቀዘ ጥቁር ቡናም ይሆናል። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እዩ፤ ከዚያ ቀለሙ እንዳይዝ ወዲያው ልቀቁት። የውሃ ቆጣሪያችሁን ማየት ከቻላችሁ ደግሞ ቁጥሩን ጻፉና ሁለት ሰዓት ማንም ውሃ ሳይነካ ቆይታችሁ እንደገና እዩት። ቁጥሩ ከተቀየረ ሌባ አለ።

የተከራያችሁ ደግሞ «አከራዩ ይቆጣል» ብላችሁ አትፍሩ። በዋሽንግተን ሕግ አከራይ በጽሑፍ ከተነገረው በኋላ ጥገና የሚጀምርበት ጊዜ ተወስኗል። ውሃ፣ ማሞቂያ ወይም መብራት ከጠፋ 24 ሰዓት፣ አከራዩ ያቀረበው ፍሪጅ፣ ምድጃ ወይም ዋና የቧንቧ ዕቃ ከተበላሸ 72 ሰዓት፣ ለሌላው 10 ቀን ነው። በቃል የተነገረ ይረሳልና ቀን ጽፋችሁ ላኩ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። ግን ተናደን ኪራይ አንከፍልም እንዳትሉ፤ ነገሩ ወደ ማስወጣት ክስ ሊሄድባችሁ ይችላል።

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ከተማው ከመብራት ቢል 60 በመቶ፣ ከውሃ፣ ፍሳሽና ቆሻሻ 50 በመቶ የሚቀንስበት ፕሮግራም አለ። ተከራይም ማመልከት ይችላል። 206-684-3000 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። መሣሪያ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ዌስት ሲያትል ውስጥ እንደ መጽሐፍ መሣሪያ የሚያውስ ቤተ መሣሪያ አለ። ያገለገለ በር፣ ሲንክና እንጨት የሚሸጥ ሱቅ ከፈለጋችሁ ሶዶ ሠፈር «ሴከንድ ዩዝ» አለላችሁ። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው ሱቁ ባዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ ቁጠባ ወሰን አለው፤ ይህንን ሳልናገር ብተው ኅሊናዬ አያርፍም። ጋዝ የሚሸት ከሆነ ከቤት ውጡና ከውጭ ደውሉ። የመብራት ሳጥን አትክፈቱ። ከሁሉም በላይ ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። በዲሴምበር 2006 በነበረው ማዕበል ሲያትልና አካባቢው ለቀናት መብራት አጥቶ ነበር። ብርዱን ለመከላከል ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ፣ ጀነሬተር ያስነሱ ሰዎች በማይታየውና በማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሞቱ። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ማስጠንቀቂያውን በተለያዩ ቋንቋዎች በፊት ገጹ አውጥቶት ነበር። እኛ ደግሞ ቡና ያለ ከሰል አይጥመንም። አገር ቤት በሩም መስኮቱም ክፍት ነው፤ የዚህ አገር ቤት ግን ሙቀት እንዳይወጣ ጥርቅም ተደርጎ ነው የተሠራው። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደግሞ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ፣ ከመኝታ ክፍል አጠገብ ይኑራችሁ።

እኔ ቤት የቀጣዩ ቢል ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጄ ሁለቱን ቢሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ልዩነቱን በካልኩሌተር አሰላችና «እማዬ፣ ግማሹ የኔ ነው» አለችኝ። አልተከራከርኩም፤ ከፈልኳት። አሁን የሻወሩን በር አላንኳኳም። የሬስቶራንቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራቴ በፊት ለሷ ነው የምደውለው። ስትመጣ ፒንሳና ካቻቪቴ እኔ አቀብላለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ስም እሷ ትነግረኛለች፣ የአማርኛውን እኔ እነግራታለሁ።

ዛሬ ማታ ቀለሟን ጨምሩና እዩ። ቸር ይግጠመን።