ስለሚሮጥ ፊደል

በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤታችን የስፖርት በዓል የክፍላችንን ቡድን ስም በነጭ አቡጀዲ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስማችን «አንበሳ» ነበር። ከሜዳው ማዶ የተቀመጡት ተመልካቾች ግን «አንበሰ» ብለው አነበቡት፤ ቀኑን ሙሉም በዚሁ ስም ሲጠሩን ዋሉ። ጓደኞቼ «ፊደል አልቈጠረም» ብለው ስለ ቀለዱብኝ፣ ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ ለአንባብያን ላስረዳ እወዳለሁ።

የተመኘሁት በስፖርት ጫማና በማልያ ላይ የምናየውን ዐይነት ወፍራምና ወደ ፊት ዘንበል ያለ ጽሕፈት ነበር። ዘንበል ያለ የማተሚያ ፊደል የቈየ ነገር ነው። አልዱስ ማኑቲዩስ የተባለው የቬኒስ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1501 የቨርጂልን ግጥሞች ፍራንቼስኮ ግሪፎ በቀረጸለት እንዲህ ባለ ፊደል አሳተመ። የዚያን ጊዜው አሳብ የእጅ ጽሕፈትን ለመምሰል ነበር እንጂ ፍጥነትን ለማሳየት አልነበረም። በጫፉ ላይ ጥፍር መሳይ ጌጥ የሌለው የላቲን ማተሚያ ፊደል ደግሞ በ1816 በለንደን በዊልያም ካዝሎን 4ኛው ማውጫ ታየ። ጀርመናዊው ፓውል ሬነር በ1927 ያወጣው ፉቱራም ከዚሁ ወገን ነው፤ ናይክ የተባለው የስፖርት ጫማ ኩባንያ ስሙን የጻፈው በወፍራሙና ዘንበል ባለው ፉቱራ ነው።

ሯጭ ደረቱን ወደ ፊት ስለሚሰጥ፣ ዓይናችን ዘንበል ያለውን ፊደል እንደሚሮጥ አድርጎ ያየዋል። (ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው በዕብራይስጥ ግን ወደ ቀኝ ያዘነበለ ፊደል የሚያፈገፍግ ይመስላል።) የእኛ ጽሕፈት ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ችግር የለም ብዬ፣ በፕሮትራክተር 20 ዲግሪ ለክቼ ሁሉንም ገፋሁት።

ነገር ግን ፊደል ሲገፋ ይበላሻል። ክቡን «ዐ» ብትገፉት ከላይ በቀኝና ከታች በግራ ይወፍራል፤ በቀሩት ማዕዘኖች ይቀጥናል። ኮምፒዩተርም ዘንበል ያለ የአማርኛ ፊደል ካልተሠራለት ቀጥ ያለውን እንዲሁ ይገፋዋል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም ለመለየት ቀይ ቀለም ያገቡ ነበር እንጂ ፊደሉን አያዘነብሉትም ነበርና፣ የምንከተለው የአባቶች አብነት የለንም።

ዋናው ጣጣ ግን እግር ላይ ነው። የላቲን ፊደል አናባቢውን ለብቻው ይጽፋል፤ የእኛ «ሰ» ግን ራብዕ የሚሆነው ቀኝ እግሩ ረዝሞ ነው። «ሳ» ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የረጅሙ እግር ጫፍ ወደ ግራ ይገባና ከአጭሩ እግር በታች ያለውን ባዶ ቦታ ይሻማል። በዚያ ላይ እኔ አለቅጥ አወፈርሁት፤ ቦታው ተዘጋና ከሩቅ ሁለቱ እግሮች እኩል መሰሉ። «ሶ» ቢሆን ኖሮ ረጅሙ ግራ እግሩ ወደ ውጭ ስለሚሸሽ እንዲህ ባላሳተ ነበር።

ስለዚህ ማዘንበሉን ወደ 10 ዲግሪ ዝቅ አደረግሁ፤ የ«ሳ»ን ግራ እግር ይበልጥ አሳጠርሁ፤ እግሮቹንም አራርቄ በጥቂቱ አቀጠንኋቸው። ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ጨርቅ በሜዳው ዳር ሰቅዬ፣ አራተኛ ክፍል የሚማረውን ታናሽ ወንድሜን ከማዶ አቁሜ አስነበብሁት። «አንበሳ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያም ሮጦ መጥቶ «ን» ከሌሎቹ ይልቅ የከሳች ትመስላለች አለኝ። እውነቱን ነው፤ እርሷን ገና አላረምኋትም።