ስለ ፍራሽ አመራረጥ

ፍራሽ ለመግዛት ወደ ገበያ ለሚወርድ ተማሪ ከዘመድም ከወዳጅም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ጠንካራውን ግዛ፤ ለወገብም ይበጃል፥ ይበረክታልም» ይባላል። በዚህ ምክር ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። የፍራሽ መጠንከር አንድ ነገር ነው፤ መበርከቱ ሌላ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ገዥ፥ ከቀለቡ ቀንሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ለማውጣት ይገደዳል። ይህን የሚጽፈው የቋንቋ ተማሪ እንጂ ሐኪም ወይም ኬሚስት ባይሆንም፥ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት የሚጠቅም ሆኖ አግኝቶታል።

በገበያችን የሚገኙት ፍራሾች በጠቅላላው በሦስት ይከፈላሉ፤ የጥጥ፥ የስፖንጅና የስፕሪንግ ናቸው።

የጥጥ ፍራሽ ላብ ይመጥጣል፤ ሰውነትንም አያግልም። ጉድለቱ፥ ጥጡ ውሎ ሲያድር ተጠቅጥቆ ሰውነት በሚያርፍበት ቦታ መጎድጎዱ ነው። ነገር ግን መድኃኒት አለው፤ በየሰፈሩ እየተጣራ የሚዞረው ፍራሽ አዳሽ ልብሱን ተርትሮ፥ ጥጡን አፍታቶ መልሶ ይሰፋዋል። ከሦስቱ እንዲህ በቀላሉ የሚታደሰው ይኸው ብቻ ነው።

ስፖንጅ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን አገር ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ አገኙት። ፈሳሾቹ ሲዋሐዱ በሚፈጠረው አየር ምክንያት እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ይላል። ቁሱ የበዛበት ስፖንጅ ይበረክታል፤ አየሩ የበዛበት ግን ቶሎ ይተኛል፤ ስሙን እውነት አድርጎ ይፈርሳል። ጥንካሬው ከዚህ የተለየ ነው፤ በቅመማው ስለሚወሰን፥ ቀላሉን ስፖንጅ አደድሮ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ በመዳፍ ተጭኖ «ይህስ ጠንካራ ነው» ማለት ስለ ዕድሜው ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ሚዛን ነው።

ለምሳሌ ወርዱ 90፥ ቁመቱ 190፥ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ስፖንጅ 0.171 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። ያለ ልብሱ 3.4 ኪሎ ቢመዝን፥ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህ ለየዕለቱ መኝታ የሳሳ ነው። 5.1 ኪሎ ቢመዝን 30 ይደርሳል፤ ይህኛው ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ክብደት ለመጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ስለሚቀላቀል ግን፥ ሲጫኑት ወዲያው የማይመለሰውን ተራ ስፖንጅ መተው ነው።

ሜሞሪ ፎም የሚባለውም የስፖንጅ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በናሳ ለአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ የተሠራ ነው። በሙቀት ይለሰልሳል፥ በብርድ ይደድራል፤ ስለዚህ በደጋ ሌሊት መጀመሪያ ሲተኙበት ጠንከር ይላል። ዋጋውም ውድ ነው። የስፕሪንግ ፍራሽ አየር እንደ ልብ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ከባድ ስለሆነ ክፍል ለሚቀያይር ተማሪ አይመችም፤ ሽቦው ሲደክምም መሐሉ ይወርዳል።

ታዲያ ጠንካራው ለወገብ ይበጃል የሚባለው እውነት ነውን? እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የስፔን ጥናት፥ ዘወትር ወገባቸውን የሚያማቸውን 313 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፥ ገሚሱን በጠንካራ፥ ገሚሱን በመካከለኛ ፍራሽ ላይ አስተኛ። ከ90 ቀን በኋላ የበለጠ የተሻላቸው በመካከለኛው የተኙት ሆነው ተገኙ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ትንሽ ካልሰመጡለት አከርካሪው ይጎብጣል፤ እጅግ ከሰመጡም እንዲሁ ይጎብጣል። በሆዱ የሚተኛና ክብደት ያለው ሰው ግን ጠንከር ያለውንና ወፈር ያለውን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሱቁ ውስጥ ሳያፍሩ እንደ ልማድ ጋደም ብሎ አሥር ደቂቃ መቆየት ይገባል። በጀርባ ተኝተው እጅ ከወገብ ሥር በሰፊው የሚያልፍ ከሆነ ፍራሹ ደድሯል፤ መቀመጫ ሰምጦ ለመገላበጥ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ልሟል።

አልጋውንም አስቀድሞ መመርመር ነው። ሽቦው የረገበ አልጋ ላይ የተነጠፈ ደህና ፍራሽ አብሮ ይረግባል፤ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ፍራሽ ይልቅ በሽቦው ላይ የሚጋደም ጣውላ በትንሽ ወጪ ችግሩን ያቃልላል። ያገለገለ ፍራሽ የሚገዛ ሰው ስፌቱንና ማዕዘኑን በብርሃን ይመርምር፤ ትኋን የሚሸሸገው እዚያ ነው።

ከተገዛ በኋላ አያያዙ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የጥጡን ፀሐይ ላይ ማስጣት ያለመልመዋል፤ ስፖንጁን ግን ፀሐይ አቢጫ ያደርገውና ያፈረፍረዋል፤ ስለዚህ አየር በሚያገኝበት ጥላ ሥር ይናፈስ። ሁለቱንም በየጊዜው ራስጌውን ወደ ግርጌ ማዞር ጉድጓዱን ያዘገየዋል። ገንዘቡ ያነሰ ተማሪ ወፍራሙን ቀላል ስፖንጅ ከሚገዛ፥ ቀጠን ያለውን ነገር ግን ቁሱ የበዛውን ቢገዛ፥ ወይም የጥጡን ገዝቶ በየጊዜው ቢያሳድስ ይሻለዋል እንላለን።