በጀት ሲከፈት ጨፋ ውኃ ነው

ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ያለፈው ዓመት ነው። ሰኔ 30 አለቀ የተባለው በጀት ዓመት በወረቀት ገና አላለቀም። የባንክ ማስታረቂያ ይሠራል፣ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ በየስሙ ይለቀማል፣ ቮቸር በተራ ቁጥሩ ተደርድሮ የጎደለው ይፈለጋል። አንድ ቮቸር ከጠፋ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ የራሴ መሳቢያ ውስጥ ነው። አዲሱ በጀት ታውጇል፤ ለእኛ ኮሌጅ የደረሰው በየኮዱ ተሸንሽኖ እስኪመጣ ድረስ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በዚያው ሳምንት ከመስኮቴ ውጭ ይዘንባል። ትውልዴ ከሚሴ ስለሆነ ዝናብ ሲበረታ ሐሳቤ ከተማው አጠገብ ወዳለው የጨፋ ሜዳ ይሄዳል። የቦርከና ወንዝ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ያጠራቀመውን ውኃ ይዞ ሜዳው ላይ ይገባና ወደ አዋሽ ከመውረዱ በፊት እዚያ ይተኛል። ዝቅ ያለው የሣር መሬት ይጥለቀለቃል፤ ከአስፋልቱ የወጣ መኪና በሰው ጉልበት አይመለስም። ከብቱ ወደ ዳር ወደ ዳር ይላል። ሜዳው እግር የሚያስገባው ዝናቡ ካባራና ውኃው ከሸሸ በኋላ ነው። በጋው ሲጠና የአፋር ግመልና ከብት ከምሥራቅ፣ የኦሮሞና የአርጎባ መንጋ ከየአቅጣጫው ወርዶ ይሰማራበታል። የሣርም ይሁን የወተት፣ የእንስሳት በሽታም ይሁን የግጦሽ ጠብ፣ ጨፋን ላጥና የሚል ተመራማሪ ሥራው ያለው በእነዚያ ወራት ነው።

የመንግሥት በጀት የሚከፈተው እንግዲህ ጨፋ ውኃ በሆነበት ሰሞን ነው። ይህን ያስተዋልኩት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ተመራማሪዎቹ ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር።

መጠሪያዬ ከፍተኛ የፋይናንስ ባለሙያ ይላል። ከሚሴ ያሉ ዘመዶቼ ባንክ የምሠራ ይመስላቸዋል፤ ለሠርግ ብድር የሚጠይቁኝም አሉ። ገንዘብ ግን አልነካም። የምነካው ወረቀት ነው። መምህራኑ የሚፈልጉትን ወደ ኮድ እለውጣለሁ፣ ዋናው ፋይናንስ የሚፈልገውን ደግሞ ለመምህራኑ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሁለቱም ወገን ከሌላው ጋር የወገንኩ ይመስለዋል።

አንድ በጀት በእኛ ቤት እንዴት እንደሚያረጅ ልንገራችሁ። ሐምሌና ነሐሴ አሮጌውን በመዝጋት ያልፋሉ። መስከረም ተማሪ ይገባል፤ ኮሌጁ ስለ ጠመኔና ስለ ወንበር እንጂ ስለ ሌላ አያስብም። ጥቅምት ላይ የግዥ ፍላጎት ይሰበሰባል፣ ኅዳር ላይ ዝርዝር መግለጫው ጎደለ ተብሎ ይመለሳል፣ ታኅሣሥ ላይ ጨረታ ይወጣል። ተመራማሪው ለናሙና የጠየቀው ጠርሙስ መጋቢት ላይ መጋዘን ይገባል፤ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ እሱም በሞዴል 20 ጠይቆ በሞዴል 22 ያወጣዋል። ከዚያ መኪና ይጠይቃል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ አምስት የትምህርት ክፍል በአንድ መኪና ይጣላል። ሰኔ ሲገባ ግዥ ተዘጋ፣ ቅድሚያ ክፍያ ቆመ የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያልተነካው ገንዘብ ለከርሞ አይተርፍም። በዜሮ ባላንስ ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች ነን፤ የተረፈን ሰኔ 30 ሌሊት ከእጃችን ይወጣል። ተመራማሪው ጠርሙሱን ታቅፎ ሲቀር ጨፋ ደግሞ ደመና እያየ ነው።

ሐምሌ 1 ለምን የዓመት መጀመሪያ እንደሆነ አንዳንዴ የሚጠይቁኝ መምህራን አሉ። መልሱን ለታሪክ ክፍል እተወዋለሁ። ነጋዴውን ብትጠይቁት ግን ቀኑ ለእሱ ሥራ አለው፤ የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ፣ ደረጃው በነበረበት ጊዜ፣ ሐምሌን ሙሉ ይሰለፍ ነበር፣ ደረጃ ለ እስከ ጳጉሜን ይከፍል ነበር፣ ደረጃ ሀ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ለከሚሴ ሱቅ የሚመች ቀን መቁጠሪያ ነው። ሱቁን አልፎ ወደ ሜዳው ሲወርድ ነው የሚሰነጠቀው።

አንዴ ሰኔ ላይ የኮሌጃችንን ቀሪ በጀት በኮድ አወጣሁ። 6217፣ ነዳጅና ቅባት፣ ባዶ። 6231፣ ውሎ አበል፣ ግማሹ አለ። 6212፣ የቢሮ አላቂ ዕቃ፣ ሞልቶ ተርፏል። ለመስክ የሚያስወጣ አበል አለ፣ የሚያደርስ ነዳጅ የለም። ወረቀትና ቶነር ግን እንደ ልብ ነው። መጋዘናችን እስከ ዛሬ በወረቀት የተሞላው መምህራኑ ጽሑፍ ስለሚወዱ እንዳይመስላችሁ፤ በሰኔ ከወረቀት በቀር በቶሎ የሚገዛ ነገር ስለሌለ ነው። የበጀት ዝውውር አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ደብዳቤው ሄዶ ተፈርሞ ሲመለስ ግን ሐምሌ ይሆናል።

ጥፋቱን ስፈልግ ራሴ ጋ ደረስኩ። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ የሚባል ቅጽ አለ፤ በየወሩ ስንት እንደምንፈልግ ቀድመን የምንሞላው ነው። እኔም፣ ከእኔ በፊት የነበሩትም የዓመቱን በጀት ለአሥራ ሁለት አካፍለን እንልከው ነበር። ለነሐሴ የመስክ አበል ከጥር እኩል ጠይቀናል ማለት ነው። በነሐሴ ጨፋ የሚገባ ተመራማሪ የሚያስፈልገው አበል ሳይሆን ጀልባ ነበር። ቅጹ አሥራ ሁለት ባዶ ሣጥን አቅርቦልን እኛ አንድ ቁጥር አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፍንበት። መመሪያ ሲወቀስ እየሰማሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ብዙውን ጊዜም ወቀሳው ይገባዋል፤ በዚህ ግን መመሪያው ምንም አላለም፣ የካልኩሌተር ስንፍና ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ለሐምሌና ለነሐሴ መስክ ዜሮ ጻፍኩ። ለጥር፣ ለየካቲትና ለመጋቢት ከበድ ያለውን ቁጥር አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ከዋናው ፋይናንስ ስልክ ተደወለልኝ። «እህቴ፣ ተሳስተሻል መሰለኝ፤ ሁለት ወር ዜሮ ነው።» አልተሳሳትኩም አልኩ። «ታዲያ መኪናው ምን ሊሠራ ነው?» ጭቃ ውስጥ አይገባም አልኩ። ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲህ በደብዳቤ አብራሪው» አለኝ። አብራራሁ። በመንግሥት ሥራ ላይ ስለ ቦርከና ሙላት የጻፍኩት ብቸኛ ደብዳቤ እሱ ነው።

ጊዜው ሲስተካከል ቀጣዩ ችግር ደረሰኝ ሆነ። የእኛ ሕግ ወጪን የሚያምነው በደረሰኝ ነው፤ ጨፋ ላይ ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጥ እረኛ የለም። አንዱ ተመራማሪያችን የግመል ወተት ናሙና ሊሰበስብ ሄደ። ቅድሚያ ክፍያ ወስዷል፣ የናሙና ግዥ ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተብሎ እንደነበር ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ የባሰው መጣ። የአፋር ሽማግሌዎቹ ወተት አንሸጥም አሉት። በብዙዎቹ ዘንድ የግመል ወተት ለእንግዳ የሚቀርብ ነው፤ በብር መለወጡ ነውር ሲባል የኖረ ነገር ነው። «ጠጣ፣ ለጠርሙስህም ውሰድ» ብለው ሰጡት። ሰውየው በነጻ ወስዶ መሄዱ ከበደውና ከሚሴ ተመልሶ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝቶ ወሰደላቸው። እነሱም በደስታ ተቀበሉ፤ ስጦታ በስጦታ ነዋ።

እኔ ጋ የመጣው የስኳር ደረሰኝ ነው። ከከሚሴ ሱቅ፣ በካሽ ሬጂስተር የተቆረጠ፣ እንከን የሌለው ደረሰኝ። ዕቅዱ ወተት ይላል፣ ደረሰኙ ስኳር ይላል። ኦዲተር ቢያገኘው አሥር ኪሎ ስኳር ለምርምር? ይላል፤ ልክም ነው፣ እኔም እል ነበር። ከተመራማሪው ጋር ተቀምጠን ቃለ ጉባኤ አዘጋጀን። ስንት ናሙና፣ ከስንት ባለ መንጋ፣ በምን ቀን፣ በምትኩ ምን ተሰጠ፤ የቤተ ሙከራው የናሙና ቁጥርም ከሥሩ ተያያዘ። በሌሎች አላቂ ዕቃዎች ኮድ አለፈ። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ሰውየው ከኪሱ ይከፍል ነበር። ወይም፣ በጣም የምፈራው ይኸ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የውሸት የወተት ደረሰኝ አሠርቶ ይመጣ ነበር። ደረሰኝ ከሌለበት ቦታ ሁልጊዜ ደረሰኝ ይዞ የሚመለስ ሰው ካያችሁ እሱን መርምሩ፤ ቃለ ጉባኤ የሚያመጣውን ሳይሆን።

ሌላም አለ። ሃያ አራት ሰው ሣር ሊያጭድና ሊመዝን ተቀጥሮ ለእያንዳንዱ 200 ብር ተባለ። ለአሠራር እንዲመች ብለው 4,800 ብሩን በአንድ ሽማግሌ ስም ጻፉት። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ያኔ በአንድ ጊዜ ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት 2 በመቶ አስቀርተን እንድንከፍል ያዝዝ ነበር። ተከፋዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ግን የሚቀረው 30 በመቶ ነበር። ሽማግሌው መለያ ቁጥር ከየት ያመጣሉ? 1,440 ብር ሊቆረጥ ነው፤ ሰዎቹ 200 ተብለው 140 ሊደርሳቸው ነው። ወረቀቱን መለስኩት። ሥራውን የሠራው አንድ ሰው ካልሆነ ለምን በአንድ ሰው ስም ይከፈላል? ሃያ አራቱም በስማቸው ተዘርዝረው በፔሮል እንዲፈርሙ አልኩ። አንድ ባልደረባዬ ግብር አሸሸሽ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ወረቀቱ እውነቱን እንዲናገር አደረግሁ እላለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲመጣ ይህ ሁሉ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በከፊል አብቅቷል፤ ጨፋ ላይ ስልክ የሌለው ጎልማሳ እየጠፋ ነው። ስልኩ ግን በልጁ ስም ወጥቷል፣ ፔሮሉ ላይ ያለው የአባት ስም ነው። ሁለቱን ስም የሚያገናኝ የቀበሌ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ከሚሴ ገበያ ወርዷል። እንዲህ ነው።

2012ን ሳልጠቅስ ባልፍ የማያውቀኝ ሰው እንኳ ይታዘበኛል። የዚያን ዓመት ሁሉንም ነገር ቀድሜ አስተካክዬ ነበር፤ ነዳጁ ተይዟል፣ ጠርሙሱ በጊዜ ገብቷል፣ መስኩ መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ፤ ተማሪ ወደ ቤቱ ተሸኘ፣ መስክ ቀረ፣ ቅድሚያ ክፍያው በገቢ ደረሰኝ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ሰኔ 1 የዋለው ሰኞ ቀን ነው። ሰኔና ሰኞ ገጠሙ ብለን ሳቅን፣ ሌላ ምን እናደርጋለን። በተከታዩ ጥቅምት አካባቢያችንን አንበጣ ወረረው፤ የማሽላው ነገር እንዴት እንደነበር የሚነገረው በሌላ ቀን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት ራሴ ወረድኩ። ክፍያ ሲፈጸም ምስክር ያስፈልጋል ተብሎ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስማቸውን ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች ማየት ፈልጌ ነበር። ግራር ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን፤ ጠረጴዛ ያልኩት የናሙና ሣጥኑን ነው። ከፋዩ ብሩን ይቆጥራል፣ እኔ ስም እጠራለሁ፣ የማይፈርመው በቀለም አውራ ጣቱን ያኖራል። ፔሮሉ ላይ ለሰባት ዓመት በየተራ አሻራቸው ሲመጣብኝ የኖረ ሽማግሌ ወደ ፊት መጡ። አሻራቸውን ለየሁት፤ ጣታቸው ላይ አንድ ጠባሳ አለ፣ ወረቀት ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አገላብጠው አዩትና ተደነቁ።

«እኔን በጣቴ ታውቂኛለሽ?»

«አዎ አባባ፤ አንቱን የማላውቀው ፊትዎን ብቻ ነበር።»

ሳቁ። ቀለሙን በሣር እየጠረጉ በሚመጣው ዓመት መቼ እንደምንመጣ ጠየቁኝ። ጥር ላይ አልኳቸው። ጥር መልካም ነው፣ ሣሩም ውኃውም ይኖራል፣ እኛም አለን አሉ። እኔ ግን ከልማዴ አልወጣሁም፤ «በጀቱ ከተለቀቀ» የሚለውን ጨመርኩበት።

ወደ መንጋቸው ዘወር ብለው ቆዩና መልሰው አዩኝ።

«ማን አስሮት ነው?»