ሚኒስትሩ ሐዲስ

ሐዲስ ዓለማየሁን ደራሲ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ሁሉ ያናድደኛል። ደብረ ማርቆስ ሳስተምር ልጆቹ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርያት ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ፤ «ደራሲው የምን ሚኒስትር ነበሩ?» ስል ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። የያዙት አጋዥ መጽሐፍም በልዩ ልዩ ኃላፊነት አገለገሉ ብሎ ያልፈዋል።

የእሳቸውን የሹመት ጉዞ እንደ ቆሎ ተማሪ ጉዞ እዩት። ተማሪ ንባቡን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው፣ ቅኔውን ከሦስተኛው መምህር እንደሚቀስመው፣ እሳቸውም ከዳንግላ ጉምሩክ ተነስተው በደብረ ማርቆስ የትምህርት ቤት ኃላፊነት አልፈው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሽሬ ግንባር ደረሱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከጦር አዛዣቸው ከራስ እምሩ ጋር ጎጀብ ላይ ተማርከው ጣሊያን አገር ለዓመታት ታሰሩ፤ ይሄ ዜማ ቤታቸው ነው። ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተንና ኒውዮርክ የተማሩት ዲፕሎማሲ ቅኔው፣ የትምህርት ሚኒስትርነቱ መጻሕፍት ቤቱ። ደበሎው ካባ፣ አኩፋዳው የሹመት ደብዳቤ፣ ተማሪውን የሚያባርረው የመንደር ውሻ ደግሞ የቤተ መንግሥት ነገረኛ! ተማሪው ግን መምህሩን ራሱ ይመርጣል። ሚኒስትሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ሚኒስትር ለፓርላማ ይጠየቃል፤ የእኛው የሚጠየቀው ለዙፋኑ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ገደማ ከትምህርት ሚኒስትርነት ወደ ለንደን አምባሳደርነት መሄዳቸውን ብዙ ሰው ግዞት ይለዋል። አልቀበለውም። በዚያ ዘመን አምባሳደርነት ሰውን ማራቂያ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ እሳቸው ግን ሲመለሱ የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆኑ። የተጣለ ሰው የአገር ፕላን አይሰጠውም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በዚሁ በፕላን ሚኒስትርነታቸው ሰሞን፣ በ1958 ዓ.ም. ነው! በልቦለዱ ውስጥ ጉዱ ካሣ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ሥርዓት ሲነቅፍ አንባቢ የአመፀኛ ድምፅ ይሰማዋል። እኔ የሚሰማኝ ሥርዓቱ በጊዜ ካልታደሰ እንደሚፈርስ ከውስጥ ሆኖ ያየ ባለሥልጣን ጭንቀት ነው። በልቦለዱ ያሉትን ዲማንና ማንኩሳን ሐዲስ እንደ ጎጃም ተወላጅ ያውቋቸው ነበር፤ መሬቱና ግብሩ እንዴት እንደሚያዝ ደግሞ እንደ ሚኒስትር።

ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲያቀርብላቸው አልተቀበሉም። በ1966 ዓ.ም. ግን «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል ጽሑፍ አወጡ። ልቦለዱን ጨርሳችሁ ከሆነ ይህን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ጉዱ ካሣንም ከዚያ በኋላ እንደገና ስሙት።