የገና ሰሞን ምስጢርና የመንዝ አውጫጭኝ

ታኅሣሥ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የውርጭም የእህልም ወር ነው። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፤ ለገና የታሰበው ሙክት ተለይቶ ይቀለባል፤ ጎረምሶች እህሉ በተነሣለት ማሳ ላይ በገና ዱላ ሩር ይመታሉ። እንግዲህ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙክቱ ከበረቱ ጠፍቶ አደረ እንበል። ወሬው ፀሐይ ሳትሞቅ አጥቢያውን ያዳርሳል። ውርጩ ባየለበት ሌሊት፣ ያን ገደል አቋርጦ፣ ውሻውን ሳያስጮህ የገባ ሰው ከሩቅ የመጣ እንዳልሆነ ማንም አይጠፋውም። ሌባው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላም የተባባሉት ሰው ነው።

እንግሊዝኛ አንባቢዎች ኮዚ ሚስትሪ የሚሉት የልብ ወለድ ዓይነት የሚነሣው ከዚህ ነው። ቦታው ትንሽ ከተማ ወይም መንደር ነው፤ ሰዉ ይተዋወቃል። ወንጀሉ ስርቆት ወይም ግድያ ሊሆን ይችላል፤ ደሙ ግን በዝርዝር አይተረክም። መርማሪው ብዙ ጊዜ ፖሊስ አይደለም፤ ሰውን አጥብቆ የሚያውቅ ጎረቤት ነው። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ይታወቃል፣ መንደሩም ወደ ሰላሙ ይመለሳል። የገና ሰሞን ለዚህ ታሪክ የተመቸ ጊዜ ነው፤ የተበተነ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የቆየ ቂምና የውርስ ጠብ አብሮ ማዕድ ይቀርባል፣ በፈረንጅ አገር ደግሞ በረዶው መንገዱን ይዘጋል።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ድሮ ንብረት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ተበዳዩ ለጭቃ ሹሙ ያመለክታል። የአካባቢው አባወራ በተቀጠረው ቀን ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ሰዉም እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። በአደባባይ መናገር የፈራ ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ሽማግሌውም የነገረውን ሰው ስም ሳያወጣ ወፍ እንደነገረችው አድርጎ ያቀርበዋል። ነገሩ እስኪወጣ ሰዉ ሥራውን ፈትቶ ደጋግሞ ይቀጠራል። ጥፋተኛው ጨርሶ ካልተገኘ፣ አገሩ አዋጥቶ ተበዳዩን ይክሳል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህን ሥርዓት በጉራጌ ምድር አስቀምጠው፣ በአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል የሚጀምር ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ጽፈውበታል፤ ርእሱም «አፈርሳታ» ነው። የታተመው በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

አውጫጭኝ የቆመበት እምነት ጽኑ ነው፤ ምስጢር ከሰው አያመልጥም፣ አንዱ ያላየውን ሌላው አይቷል። ጉድለቱም ያለው እዚያው ነው። ወፏ አትጠየቅም። እውነቱን የተናገረውና ቂሙን የተወጣው ሰው ድምፅ በሽማግሌው ጆሮ አንድ ነው። ትናንት የሰረቀ፣ ዘመድ የሌለው ወይም ድኻ የሆነ ሰው ስም ቀድሞ ይነሣል። ሌባ ሻይ የሚባለው የሌባ መፈለጊያ ዘዴ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ ይሮጣል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል።

የምርመራ ልብ ወለድ ለአንባቢው የሚሰጠው ትልቁ ነገር የዚህ ጉድለት ማረሚያ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባሉ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ፣ ራሳቸውም የወንጀል ልብ ወለድ ይጽፉ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሙያው አሥር ሕግጋት አወጡ። ጥፋተኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አንሥቶ የሚታወቅ ሰው ይሁን፤ መናፍስትና ተአምር በምርመራው አይግቡ፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው ያሳይ። በእነዚህ ሕግጋት ሌባ ሻይ ቦታ የለውም። ወፏም ብትናገር፣ ቃሏ በማስረጃ መፈተን አለበት።

የአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል የምትሠራው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ከወጣው የመጀመሪያ ረጅም ታሪኳ ጀምሮ የምናውቃት ይህች አሮጊት ሹራቧን እየሠራች የመንደሩን ሐሜት ሁሉ ትሰማለች፤ የሰማችውን ግን እንዳለ አትውጠውም። ማን ከማን ጋር ሲነጋገር ታየ፣ ለምን ያን ሰዓት፣ ይህን ያወራው ሰው ምን ይጠቀማል እያለች ታበጥረዋለች።

ለገና ሰሞን ከተጻፉት ሁሉ ግን የምወደው የአርተር ኮናን ዶይል «ሰማያዊው ዕንቁ» ነው። አጭር ልብ ወለድ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 1892 ሲሆን ሰው አይሞትበትም። ከአንድ የለንደን ሆቴል የአንዲት ባላባት ሴት ዕንቁ ይጠፋል። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ምድጃ የጠገነ ቧንቧ ሠራተኛ ይያዛል፤ ከዚህ ቀደም በስርቆት ተፈርዶበት ስለነበር ጥፋተኛነቱን ማንም አልተጠራጠረም። በገና ጠዋት ደግሞ መንገድ ላይ የወደቀ ባርኔጣና ለበዓል የታሰበ ዝይ ይገኛል። ዝዩ ሲበለት ዕንቁው ከማንቁርቱ ይወጣል።

ሼርሎክ ሆምስ ፍለጋውን የሚጀምረው ከባርኔጣው ነው። ባለቤቱ ሲገኝ ዝዩን ያገኘው እንደኛ ቅርጫና ዕቁብ ባለ ማኅበር እንደሆነ ይናገራል፤ አባላቱ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ያዋጣሉ፣ ለገና እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዝይ ይደርሳቸዋል። ከመጠጥ ቤቱ ወደ ገበያው ነጋዴ ሲሄድ ግን ሰውየው በጥያቄ ተሰላችቶ ይቆጣል። ሆምስ አይለማመጠውም። ዝዩ የገጠር እንጂ የከተማ አይደለም ብሎ በገንዘብ ይወራረደዋል። ነጋዴው አሸናፊነቱን ሊያሳይ ሲል መዝገቡን አስመጥቶ ራሱ ያሳየዋል፤ ዝዩ ያደገበት ቤት አድራሻም ይገኛል። ሙክቱ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ በጠጉሩና በላቱ እለያለሁ ከሚል የበግ ነጋዴ ጋር የተከራከረ ሁሉ ይህ ዘዴ እንደሚሠራ ያውቃል።

ሌባው የሆቴሉ ሠራተኛ ራሱ ነው። ዕንቁውን በእኅቱ ግቢ ለአንድ ዝይ አውጦ፣ በስሕተት ሌላውን ይዞ ሄዷል። ሆምስ ሲይዘው ሰውየው እግሩ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። ሆምስም የቧንቧ ሠራተኛው ክስ ከእንግዲህ እንደማይቆም ካሰበ በኋላ፣ ዘመኑ የይቅርታ ነው ብሎ ሌባውን ያሰናብተዋል። በትክክል መረዳት ያለብን ቅደም ተከተሉን ነው፤ ይቅርታው የመጣው እውነቱ ከወጣ፣ ንጹሑም ነጻ እንደሚወጣ ከታወቀ በኋላ ነው። እኛም አገር ሽማግሌ ዕርቅ የሚያወርደው ጥፋቱ ታምኖ ሲያበቃ ነው።

ረጅም የሚወድ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣውን የክሪስቲን «የሄርኩል ፖይሮ ገና» ይዞ ቢቀመጥ ይደሰታል፤ ሀብታም ሽማግሌ ልጆቹን ለበዓል ሰብስቦ በዋዜማው በተቆለፈ ክፍል ይገደላል። ይህኛው ደም አይቆጥብም። ጸጥ ያለ ለሚሻ የጄፈርሰን ፋርጆን «ነጩ ምስጢር» አለ፤ በረዶ ባቡራቸውን ያቆመባቸው መንገደኞች በገና ዋዜማ አንድ ቤት ይገባሉ፣ እሳቱ ይነዳል፣ ሻዩ ቀርቧል፣ ሰው ግን የለም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1937 ወጥቶ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ነበር፤ በ2014 የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት እንደገና ሲያሳትመው ያልተጠበቀ ገበያ አገኘ። ዓይነቱ የበረዶ አገር ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ መርማሪ ማ ራሞትስዌ አሳይታናለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቦትስዋና ሻይዋን እየጠጣች የጎረቤቶቿን ነገር ትፈታለች።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ለፍጻሜው መጣደፍ የለበትም። ሙክቱ ሲጠፋ ማን የት ነበር፣ ማንስ ያልተጠየቀውን መለሰ እያሉ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ እየተነበበ ቢጠረጠር ይበልጥ ይጣፍጣል። የሰሙትን ሳይመረምሩ አለማመን በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሳይታወቅ ይለመዳል።

በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ባዕድ አይደለም፤ ይልማ ሀብተየስ ብዙ አንባቢ አፍርተውበታል። የደጋውን ገና የያዘ ቢጨመር ግን ምንኛ ደስ ባለኝ። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ያለው አገር ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ የጓሳ ጭጋግ፣ የጀማ ገደል፣ የድንጋይ ቤት፣ በርኖስ ለብሶ ፊቱ የማይለይ ሰው፣ አርባ ሦስት ቀን ጾሞ በዓል የሚጠብቅ መንደር ሁሉ አለበት። የሚጽፈው ሰው አደራውን ካልዘነጋ መልካም ሥራ ይሠራል፤ ሙክቱ ባይገኝ እንኳ፣ ወፏ በሐሰት የጠራችው ሰው ስሙ ነጽቶለት ከጎረቤቶቹ ጋር ይፈስክ።