«ስቅም ብቻ ነው የማጨሰው»

ዱከም ላይ ደም ሊሰጥ ክንዱን የሚዘረጋልኝን ወንድ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ስለው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ኧረ በፍጹም!» ነው። «ስትቅምስ?» ብዬ ስመለስ ይስቃል። «እሱማ… ስቅም ብቻ ነው የማጨሰው።» ውሸታም ልለው አልችልም። ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ፣ አንዱ ከሱቅ በደረቴ በነጠላ ገዝቶ ሲያድል የተቀበለውን ሲጋራ ራሱ እንዳጨሰው አይቆጥረውም። ለእሱ አጫሽ ማለት ከአልጋው ሳይወርድ የሚለኩስ፣ ጣቱ ቢጫ የሆነ፣ ከኪሱ ኒያላ የማይጠፋ ሰው ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» በሚባልበት አገር እኔም ዶክተር ነኝ፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ። የሚመጡልኝ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ የተሳቢ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ሠራተኞች፣ የሥጋ ቤት አስተናጋጆች ናቸው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ መኪና ከተማዋን ሳይነካ ያልፋል፤ ቁርጥ ያማረው ግን ቅዳሜና እሁድ አሁንም ከአዲስ አበባ ይወርዳል። ከቁርጡ በኋላ ጫት፣ ከጫቱ በኋላ ጨብሲ፣ በመሀሉ ሁሉ ሲጋራ።

ለቅጥር ምርመራ የመጣ ወጣት መርፌው ገብቶ ቱቦው ሲሞላ እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዶክተር፣ ሲጋራው ከደም ይታወቃል እንዴ?» ይለኛል።

እኛ ጋ ባለው ማሽን አይታወቅም። የደም ሴል ቆጠራ (ሲቢሲ) ስሠራ ነጭ የደም ሴሉ ከፍ፣ ሄሞግሎቢኑ ጨመር ብሎ ካገኘሁት ልጠረጥር እችላለሁ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢን ላይ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ፣ ሰውነት ጉድለቱን ለማካካስ ቀይ ሴል ያበዛል። ግን ነጭ ሴል በስንት ምክንያት ይጨምራል! ኒኮቲን ሲፈርስ የሚቀረው ኮቲኒን የሚባለው ነገርም በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ለአንድ ሳምንት የታቀበ ሰው ያመልጠዋል።

ያችው ሐምራዊ ክዳን ያላት ቱቦ የዘረ መል ምርምር ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ብትላክ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ የሚታየው የዛሬው ጭስ ብቻ አይደለም፤ የዓመታቱ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። በድጓው ላይ የግዕዙ ፊደል ያው ነው፤ የት ላይ እንደሚደፋ፣ የት ላይ እንደሚያዝ ለመሪጌታው የሚነግረው ከፊደሉ በላይ የተጣለው የዜማ ምልክት ነው። ዲኤንኤም እንዲሁ ነው። ሲጋራ የፊደሉን ቅደም ተከተል ሳይነካ በላዩ ያለውን ምልክት መለወጥ ይችላል። ከምልክቶቹ ዋናው ሚቲል ይባላል፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ነው፣ ሳይቶሲን በተባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ይለጠፋል። ሲለጠፍ ወይም ሲነሳ፣ እንደየቦታው፣ አንዱ ጂን ዝም ይላል፣ ሌላው ይነቃል።

በአጫሾች ደም ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ለውጥ ኤኤችአርአር በተባለ ጂን ላይ ነው። ጭሱ ይዞት የሚገባውን መርዝ ለማጣራት ሴሉ የሚያስነሳቸው ኢንዛይሞች አሉ፤ ይህ ጂን የእነሱ ልጓም ነው። ሰው ሲያጨስ በልጓሙ ላይ ያለው ሚቲል ይሳሳል፣ ጂኑም ይበልጥ ይሠራል። (ሴሉን ከሚያስነሱት ኬሚካሎች መካከል ከከሰልና ከማገዶ ጭስ የሚወጡም አሉ። ጥብስ ቤት ኩሽና ውስጥ የሚውሉትን ሴቶች ሳስብ ይህ ያሳስበኛል።)

እኔን ያስገረመኝ የምልክቱ ዕድሜ ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል፤ ከነጮቹ ብዙዎቹ ከዚያም ያንሳሉ። ታዲያ የድሮው ሲጋራ ምልክት በዛሬው ደም ውስጥ ምን ይሠራል? ሴሎቹ ሲሞቱ የሚተኩት በመቅኔ ውስጥ ካሉት እናት ሴሎች ነው፤ ምልክቱ እነሱ ላይ ካረፈ ለሚወልዷቸው ሁሉ ይገለበጣል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ወደ 16,000 የሚጠጉ ሰዎችን ደም መርምሮ፣ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ የሚቲል ለውጥ ከ7,000 በላይ ጂኖች ላይ አግኝቷል። ከጂኖቻችን ሢሶ ያህሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዞ በሽተኛ ማስፈራራት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ምልክት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ አንዳንዱ ጭስ በዚህ እንዳለፈ የሚያሳይ ዱካ ብቻ ነው። «ጂንህ ተበላሽቷል» የተባለ ሾፌር ደግሞ «ካለቀማ» ብሎ ሌላ ይለኩሳል።

«ስቅም ብቻ» ወደሚለው ልመለስ። በአሜሪካ ገጠር 19 ዓመት ገደማ በሆኑ ወጣቶች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በዕድሜያቸው ያጨሱት ከግማሽ ፓኬት-ዓመት በታች በሆኑት ላይ እንኳ የኤኤችአርአር ለውጥ ታይቷል። አንድ ፓኬት-ዓመት በቀን አንድ ፓኬት ለአንድ ዓመት ማለት ነው፤ ግማሹ 3,650 ፍሬ ይሆናል። አንድ የተሳቢ ረዳት በሳምንት ሁለት ቀን ቃመ፣ በአንድ ቁጭታ አሥር ፍሬ አጨሰ እንበል። በዓመት ከ1,000 በላይ ነው። በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ «አላጨስም» እያለ እዚያ ይደርሳል። ይህን ስሌት በጓንት ሣጥን ጀርባ ላይ ጽፌ ያሳየሁት አንድ ልጅ «ሲቆጠር ነው እንጂ ሲጨስ እኮ እንዲህ አይበዛም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሙሉ ፓኬት ስለማይገዛ ማለቁን አያይም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የፓኬቱን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍነው የማስጠንቀቂያ ሥዕልም አይደርሰውም፤ ሥዕሉ ከሻጩ ጋር ይቀራል።

ያው አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልበት የቤት ውስጥ ቦታ ሁሉ ማጨስን ይከለክላል። እሁድ ከሰዓት አንዳንድ ቤት ገብቶ ማየት ነው። «እኔ እኮ ሲጋራ በእጄም ነክቼ አላውቅም» የምትለኝ አስተናጋጅ የተናገረችው እውነት ነው፤ ግን የምትውለው በእንግዶቿ ጭስ ውስጥ ነው። የሚያጨሱ እናቶች በወለዷቸው ሕፃናት የእትብት ደም ውስጥ የሚቲል ለውጥ መኖሩ ከብዙ አገሮች በተጣመሩ ጥናቶች ተረጋግጧል። የሚያጨሱ እናቶች እኛ ዘንድ ጥቂት ናቸው። በሰው ጭስ ውስጥ የምትውል ነፍሰ ጡር ግን ብርቅ አይደለችም፤ እሷን «ታጨሻለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ አያገኛትም።

«ካቆምኩስ ይጠፋል?» ለሚለኝ የምሰጠው መልስ ከዚያው ከ2016ቱ ጥናት የመጣ ነው። ባቆሙት ሰዎች ላይ አብዛኛው ለውጥ በአምስት ዓመት ውስጥ ጨርሶ ወደማያጨስ ሰው ልክ ተመልሷል፤ በጥቂት ጂኖች ላይ ግን ከ30 ዓመት በኋላም አለ። ሁለቱንም እነግረዋለሁ። የመጀመሪያውን ብቻ ብነግረው «እንግዲያው ሠላሳ ሲሞላኝ አቆማለሁ» ይላል።

የቅጥር ምርመራ ቅጹ ላይ ያለው «ያጨሳል / አያጨስም» ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። እኔ ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ እጨምራለሁ፦ «ሲቅም፣ በሳምንት 2 ቀን፣ በአንዴ 10 ፍሬ፣ 4 ዓመት»። አንድ ሐኪም «ይህ ለላቦራቶሪ ምን ያደርግለታል?» ብሎኛል። ለላቦራቶሪውማ ምንም። ልጁ ሳል ይዞት ሲመለስ ካርዱን የሚከፍተው ግን ሐኪሙ ነው።