ድምፅ የሌለው ለቅሶ
አንዲት እናት፣ አንድ ትዕይንት፣ አንድ ፊልም

ከብዙ ዓመታት በፊት ያያችሁትን አንድ ፊልም እስቲ አስታውሱ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ልትናገሩት ትችላላችሁን? አብዛኞቻችን አንችልም። የባለታሪኮቹ ስም ይጠፋብናል፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ይምታታብናል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከአእምሯችን አይወጣም፤ አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ቆማ ያየችው አስተያየት፣ የአንድ ሕፃን ሩጫ፣ የአንዲት አሮጊት እጅ። ሌላው ሁሉ ተረስቶ ይህች ቁራጭ ብቻ ትቀራለች።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልም ከብዙ ትንንሽ ትዕይንቶች ተቀጣጥሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ከእነዚህም መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ እንደ ቤት ምሰሶ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ተዋናዩ በዚያች ሰዓት ከሳተ፣ ገንዘብም ሆነ ያማረ ልብስ ፊልሙን አያድነውም። ካገኘው ደግሞ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ በአንዲት እናት ታሪክ እንመልከተው።

የምንጫወተው ስለ አንድ የህንድ ፊልም ነው። የህንድ ፊልም ለአገራችን ተመልካች እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ስንቶቻችን በህንድ እናቶች ሐዘን መሐረባችንን አርሰናል! እንባና ዘፈን፣ ጭፈራና ጠብ፣ በመጨረሻም የጠፋ ልጅ መገኘት፤ እነዚህን ሁሉ እናውቃቸዋለን።

ከእነዚህ ፊልሞች መካከል እጅግ ስመ ጥር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው «ማዘር ኢንዲያ» ነው። በዚህ ፊልም ናርጊስ የተባለችው ተዋናይት ራዳ የተባለችውን ገበሬ ሴት ሆና፣ ከሙሽርነት እስከ እርጅና ትጫወታለች። የሚገርመው፣ ናርጊስም ሆነች ልጇን ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ደት የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ያም ሆኖ የእናትነቷን ነገር የሚጠራጠር ተመልካች የለም። በፊልሙ መጨረሻ ራዳ የመንደሯን ልጃገረድ ጠልፎ የሚሸሸውን የገዛ ልጇን በጠመንጃ ትገድላለች። ያች ትዕይንት ፊልሙን ተሸክማለች። ነገሩ ትልቅ፣ ድምፁ ከፍተኛ፣ ሐዘኑም በአደባባይ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ፊልም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ በዚያው በህንድ አገር በቤንጋሊ ቋንቋ የተሠራ ሌላ ፊልም አለ። ስሙ «ፓተር ፓንቻሊ» ይባላል፤ በአማርኛ «የትንሿ መንገድ መዝሙር» ልንለው እንችላለን። በዚህ ፊልም ውስጥ ጠመንጃ የለም። ያለው አንድ ድሃ ቤተሰብ ነው። ሆኖም በውስጡ ያለች አንዲት እናት፣ አንዲት የለቅሶ ድምፅ ሳታሰማን፣ ያየናትን ሁሉ ዕድሜ ልካችንን አብራን ትኖራለች።

የቤቱ ሰዎች

ቤቱ የሚገኘው በቤንጋል ገጠር ነው። አባትየው ሃሪሃር ካህን ነው፤ ቲያትር እየጻፈ አንድ ቀን እከብራለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ፣ የሠራበትን ደመወዝ እንኳ ለመጠየቅ የሚያፍር የዋህ ሰው ነው። ልጆቹ ዱርጋ የተባለች ሴት ልጅና ታናሽ ወንድሟ አፑ ናቸው። ኢንዲር የተባለች ጎባጣ፣ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ዘመድ አብራቸው ትኖራለች። ይህን ቤት ተሸክማ የምትኖረው ግን እናትየዋ ሳርባጃያ ናት። የሚበላው ከየት እንደሚመጣ የምታሰላው እርሷ ናት፤ ጎረቤት ሲሰድብ የምትሰማውም እርሷ ናት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዳይሬክተሩ ሳትያጂት ራይ ይህችን እናት ቅድስት አድርጎ አላቀረባትም። አሮጊቷ ከማድ ቤት ቃሪያ ብትወስድባት ትቆጣለች። ዱርጋ የሐብል ሌባ ተብላ በጎረቤት ስትከሰስ፣ እናትየዋ ልጇን በጸጉሯ ጎትታ፣ ደብድባ ከደጅ ታስወጣታለች። በሩን ከዘጋች በኋላ ግን እዚያው ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ትንሽ ቆይታም አፑን «እህትህን ለምግብ ጥራት» ትለዋለች።

እስቲ ይህን ትዕይንት በቤታችሁ መስተዋትነት ተመልከቱት። እናት ልጇን የመታችው ስለ ጠላቻት ነውን? አይደለም። በጎረቤት ፊት ተዋርዳለች፤ መልስ የምትሰጥበት አቅም የላትም፤ ውርደቷም ከእርሷ በታች ባለችው ልጅ ላይ ይወርዳል። ችግር በቤት ውስጥ እንዴት ከትልቅ ወደ ትንሽ እንደሚወርድ ከአንድ ረዥም ንግግር ይልቅ ይህች አጭር ትዕይንት ታስረዳለች።

አሮጊቷና ውኃው

አንድ ቀን ኢንዲር ታማ ትመጣለች። እዚህ ልሙት፣ ማረፊያ ስጡኝ ብላ ትለምናለች። ሳርባጃያ አትፈቅድም። አሮጊቷ ውኃ ስትጠይቅም ራሷ እንድትቀዳ ይነገራታል። ትቀዳለች፤ ትጠጣለች። የተረፈችውን ውኃ ግን አትደፋትም፤ አንዲት ትንሽ ተክል ሥር ታፈሳታለች። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ትወጣለች።

በዚያው ቀን ዱርጋና አፑ ከመንደር ርቀው ይሄዳሉ። ነጭ አበባ ባለው ረዥም ሣር መካከል ሮጠው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ሲያልፍ ያያሉ። ተመልካች ከልጆቹ ጋር ይደሰታል። ልጆቹ ሲመለሱ ግን አሮጊቷን በቀርከሃ ጫካ ውስጥ ተቀምጣ ያገኟታል። ዱርጋ ተጫውታ ትነቀንቃታለች፤ አሮጊቷ ወደ ጎን ትወድቃለች። ሞታለች። የነሐስ ዕቃዋ ተንከባሎ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ባቡሩ ለብቻው ቢታይ ያማረ ሥዕል ብቻ በሆነ ነበር። የአሮጊቷ ሞትም ለብቻው ቢታይ ተራ ሐዘን በሆነ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ልጅነት ሲጀምርና ዕድሜ ሲያልቅ በአንድ ቀን እናያለን። አንዱ ትዕይንት ለሌላው ትርጉም የሚሰጠው እንዲህ ነው።

ኢንዲርን ሆነው የተጫወቱት ቹኒባላ ዴቪ ወደ 80 ዓመት የሚጠጉ፣ ከመድረክ ከራቁ ረዥም ጊዜ የሆናቸው አሮጌ ተዋናይት ነበሩ። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ በዚያው በ1955 ዓረፉ። በፊልሙ ላይ የምናየው ጉብጠትና የተሸበሸበ ፊት ቅብ አይደለም፤ እውነተኛ እርጅና ነው። በቤታችን ጥግ የተቀመጡትን እማሆይ ወይም አያታችንን ሳናስብ ይህን ትዕይንት ልናይ አንችልም።

መርዶ ነጋሪዋ እናት

አሁን ወደ ዋናው ትዕይንት እንድረስ። አባትየው ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ለወራት ይጠፋል። ዱርጋ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ እየጨፈረች ትበሰብሳለች፤ ትኩሳት ይይዛታል። በአንዲት የአውሎ ነፋስ ሌሊት እናትየዋ የሚገነጠለውን በር በእጇ እየያዘች ስትታገል ታድራለች። ዱርጋ ትሞታለች። ከዚያ በኋላ አፑ ራሱ ጸጉሩን ሲያበጥር፣ ከቤት ሲወጣ ወደ ሰማይ አይቶ ተመልሶ ጃንጥላ ሲይዝ እናያለን። ማንም አልነገረውም። ሕፃኑ በአንድ ሌሊት አድጓል።

ከዚያም አባት ይመለሳል። ምንም አያውቅም። በደስታ ልጆቹን እየጠራ ይገባል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በዘዴ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በጠዋት፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተጠንቅቀው ነው። ለሳርባጃያ ግን ሽማግሌ የላትም። መርዶ ነጋሪዋም ሐዘንተኛዋም እርሷው ናት። ዝም ብላ መቀመጫ ታቀርብለታለች፤ ውኃ ታመጣለታለች። እርሱ ያመጣውን ስጦታ አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያታል። በመጨረሻም ለዱርጋ የገዛውን ሳሪ ያወጣል።

እናትየዋ ሳሪውን ትቀበላለች። ወደ ፊቷ ታስጠጋዋለች፤ በጥርሷ ትነክሰዋለች፤ ከዚያም ትሰበራለች። አፏ ተከፍቷል፤ ጩኸቷ ግን አይሰማም። በድምፅዋ ፋንታ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ አንድ የህንድ ባለ ክር መሣሪያ በከፍተኛ ቃና ይጮሃል። የፊልሙን ሙዚቃ የሠራው ራቪ ሻንካር ነው።

አንባቢያን ሆይ! ሙሾ በማሲንቆ ድምፅ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የሴትየዋ ድምፅ ቢሰማ ኖሮ፣ የአንዲት እናት ለቅሶ በሆነ ነበር። ድምፁ በመቅረቱ ግን የእናቶች ሁሉ ለቅሶ ሆነ። እያንዳንዳችን የምናውቀውን ድምፅ ራሳችን እንጨምርበታለን።

ይህ ትዕይንት ብቻውን ቢሆን ግን አይበቃም ነበር። ልጇን በጸጉሯ ስትጎትት ያየናት እጅ፣ አሁን የልጇን ሳሪ የያዘችው እጅ ናት። ለአሮጊቷ ውኃ ያልቀዳች ሴት፣ አሁን ለባሏ ዝም ብላ ውኃ ታቀርባለች። ቀደም ብለን የፈረድንባት ሁላችን በዚያች ሰዓት ፍርዳችንን እንውጣለን።

እንዴት ተሠራ?

እናትየዋን ሆና የተጫወተችው ካሩና ባነርጂ ከዚያ በፊት በፊልም ተጫውታ አታውቅም። የተማረች የከተማ ሴት ነበረች። ዱርጋ ትንሽ ሳለች ሆና የታየችው ሕፃን የካሩና የገዛ ልጇ ሩንኪ ናት። ዳይሬክተሩ ራይም የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር፤ የሚተዳደረው በማስታወቂያ ድርጅት ሥራ ነበር። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራም ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር፤ ከዚያ በፊት ፊልም አንስቶ አያውቅም።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ በገንዘብ እጦት እየተቋረጠ ወደ ሦስት ዓመት ፈጀ። ራይ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጠ፤ የሚስቱ የቢጆያ ጌጣጌጥ በመያዣ ተቀመጠ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ተፈጸመ። ፊልሙም በ1956 በካን ፌስቲቫል ከፍ ያለ ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ከዚህ ፊልም ጀርባ ጌጧን ለመያዣ የሰጠች አንዲት ሚስት እንዳለች አንርሳ። አፑን ሆኖ የተጫወተውን ሱቢርንም በጎረቤት አይታ ያገኘችው እርሷው ናት።

ሕፃኑ ሱቢር ትወና አያውቅም። በሣሩ መካከል እህቱን እየፈለገ እንዲሄድ ቢነገረው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ራይ በመንገዱ ላይ ጭራሮ አስቀመጠ፤ ሰዎችንም በሣሩ ውስጥ ደብቆ በየተራ እንዲጠሩት አደረገ። ሕፃኑ ሲጠሩት ዞር ይላል፤ ጭራሮው ዘንድ ሲደርስ ይሻገራል። በፊልሙ ላይ የምናየው ግራ የገባው ልጅ እንዲህ ተገኘ። እናቶች ይህን ዘዴ ሳታውቁት አትቀሩም። ልጅ «እንዲህ ሁን» ስለተባለ አይሆንም፤ መንገዱ ሲዘጋጅለት ግን ይሆናል።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

ዛሬ በየቤታችን ቴሌቪዥን አለ፤ ብዙዎቻችን በእጅ ስልካችንም ፊልም እናያለን። በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችም ማታ ማታ ቤተሰቡን ይሰበስባሉ። ማየቱ ባልከፋ፤ የሚከፋው ሁሉንም እኩል አይቶ መርሳቱ ነው። ጩኸት ብዙ፣ እንባ ብዙ፣ ግን የትኛዋ ትዕይንት ከእኛ ጋር አደረች?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከልጆቻችሁ ጋር ፊልም ስታዩ፣ «ማን ሞተ? ማን አገባ?» ብቻ አትጠይቁ። «የትኛዋ ቦታ ልብህን ነካችው? ተዋናይቷ ምን አደረገች? ምን ሳትናገር ቀረች?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ የሰውን ፊት ማንበብ ከተማረ፣ የእናቱን ፊት ማንበብ አያቅተውም።

ለእኛም ለአዋቂዎቹ የሚተርፍ አለ። በየመንደራችን ልጇን ስትቆጣ የምንሰማት፣ አሮጊት አማቷን ስታመናጭቅ አይተን የምናማት ጎረቤት ትኖራለች። ጥፋቷ ጥፋት ነው፤ ኢንዲርም ያለ ማረፊያ ሞታለች። ነገር ግን እኛ ያየነው አንዲት ትዕይንት ብቻ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብላ ማልቀሷን አላየንም። ፊልሙ በሩን ከፍቶ አሳየን። ለጎረቤታችን ግን በሩን ማንኳኳት የእኛ ፈንታ ነው።